የ80 ዓመት እናቴን ዘርፈው በስሟ ገንዘብ ወሰዱ፤ ቅጣቱ ስንት ዓመት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«እናቴ 80 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ምዕራብ ጎጃም ነው። በርበሬ ሸጣ ከገበያ ስትመለስ ሁለት ወጣቶች ‹እማማ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ እናድርስዎ› ብለው ባጃጅ ላይ አሳፈሯት። ከዋናው መንገድ አውጥተው ባሕር ዛፍ ውስጥ አንደኛው እጇን ጠምዝዞ ያዘ፤ ሌላው መቀነቷን በሴንጢ ቆርጦ 18,000 ብር ወሰደ። ስልኳንና በፕላስቲክ የጠቀለለችውን መታወቂያዋንም ይዘው ሄዱ። ከመታወቂያው ጋር የስልክ ገንዘቧን የምስጢር ቁጥር ልጄ የጻፈላት ብጣሽ ወረቀት ነበር። በማግስቱ ከሂሳቧ 41,000 ብር ወጣ። በዚያው ቀን በእሷ ስልክ ደውለው ‹እናትሽ ታመው ጤና ጣቢያ ናቸው፤ ለመድኃኒት ላኪ› ሲሉኝ እኔም ከአዲስ አበባ 15,000 ብር ላክሁ። ልጆቹ ተይዘዋል። ጣቢያ ላይ ‹ስርቆት› ተብሎ መመዝገቡን ሰማሁ። ቤተሰቦቻቸው ሽማግሌ ይልካሉ፤ እናቴም ‹ልጆች ናቸው፤ ይቅር› ትላለች። ስንት ዓመት ይፈረድባቸዋል? ዕድሜዋስ በሕግ ይቆጠርላታል?»

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጀመሪያ በዐቃቤ ሕግነት፣ ኋላም በጥብቅና ስሠራ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ በመጣ ቁጥር ግን አሁንም ልቤ ይደማል። የመጨረሻውን ጥያቄዎን በቅድሚያ ልመልስ። አዎ፣ የእናትዎ ዕድሜ በሕግ ይቆጠራል። ነገር ግን በራሱ አይቆጠርም፤ ቆጣሪ ይፈልጋል። ቆጣሪውም መጀመሪያ እርስዎ፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ፣ በመጨረሻም ዳኛው ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከዘነጋ 80 ዓመቱ መዝገቡ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

ሕጉ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዚህ ሕግ ቁጥር 84 ላይ ጠቅላላ የቅጣት ማክበጃ ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱ በንዑስ ቁጥር 1 ፊደል ሠ ሥር ያለው ነው፤ በዕድሜው፣ በጤናው፣ በሥራው ወይም በኃላፊነቱ ምክንያት ልዩ ጥበቃ የሚገባውን ሰው፣ በተለይም ራሱን መከላከል የማይችለውን፣ ሆን ብሎ ያጠቃ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ይበሉልኝ። አንደኛ፣ ሕጉ «60» ወይም «70» ብሎ የወሰነው ቁጥር የለም። ሁለተኛ፣ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል ከባድ ሸክም አለው። አጥቂው አቅመ ደካማ መሆናቸውን አውቆ፣ እንዲያውም ስለዚያ መርጦ እንዳጠቃቸው መታየት አለበት። በእናትዎ ጉዳይ ይህ ማስረጃ ከራሳቸው ከተከሳሾቹ አፍ ወጥቷል፦ «እማማ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ እናድርስዎ።» ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል አንዲት አሮጊት ለይተው፣ በእርጅናቸው አዝነው እንደሚረዱ መስለው ነው የቀረቡት። ይህ ዓረፍተ ነገር እናትዎ ለፖሊስ በሰጡት ቃል ውስጥ ቃል በቃል መኖር አለበት። ከሌለ ተመልሰው ሄደው ተጨማሪ ቃል ይስጡ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ ጡረታቸውን ተቀብለው ሲወጡ የተዘረፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ክሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «የግል ተበዳይ» ብዬ ስማቸውን አሰፈርሁ፤ ዕድሜያቸውን አልጻፍሁም፤ በምርኩዝ የሚሄዱ መሆናቸውን አልጻፍሁም፤ ቁጥር 84ንም አልጠቀስሁም። ችሎት ቆመው ሲመሰክሩ ዳኞቹ ያዩዋቸዋል፣ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ተከሳሹ ጥፋተኛ ተባለ፤ የቅጣት ውሳኔው ሲነበብ ግን ስለ እርጅናቸው አንዲት ቃል አልነበረበትም። ዳኛው አልበደሉም። የማክበጃ ምክንያት በክሱ ተጠቅሶ፣ በማስረጃ ተረጋግጦ፣ በቅጣት አስተያየት ላይ ሲቀርብ ነው ክብደት የሚያገኘው፤ እኔ አላቀረብሁም። ከችሎት ስንወጣ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ ፈረዱልን?» ሲሉኝ የመለስሁላቸውን አላስታውስም፤ ጥያቄያቸውን ግን አስታውሳለሁ።

ዕድሜን ማስረዳት በእኛ አገር ቀላል አይደለም። የእናትዎን መታወቂያ ባላየውም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን ልንገርዎ። ተበዳይዋ «በላይ ዘለቀ በተሰቀለበት ዓመት የጡት ልጅ ነበርሁ» ይላሉ፤ ይህም 1937 ዓ.ም. ማለት ነው። የቀበሌው መታወቂያ ደግሞ በግምት ተሞልቶ 68 ይላል። ተከላካይ ጠበቃው ይህችን ልዩነት ይዞ «የትኛው ነው እውነቱ?» እያለ ምስክርነቱን በሙሉ ሊያናጋ ይሞክራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የፋይዳ ምዝገባ ካላቸው የተመዘገበውን የልደት ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ከተገኘም እሱን፣ ካልሆነ አብረዋቸው ያደጉ አንድ ሁለት ሰዎችን በምስክርነት ያዙ። የበኩር ልጅ ዕድሜም ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን ክርክሩ በቁጥር ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርጉ። ሕጉ የሚጠይቀው ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ሰው መሆናቸውን ነው። ዓይናቸው የደከመ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝ፣ ከሁለት ወጣቶች ራሳቸውን ሊያስጥሉ የማይችሉ መሆናቸው በሐኪም ወረቀትና በጎረቤት ምስክር ከታየ፣ 68 ሆኑ 80 ጉዳዩ አይናጋም።

አሁን ወደ «ስርቆት» እንምጣ፤ ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ስርቆትና ውንብድና በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ተራ ስርቆት በቁጥር 665 ቀላል እስራት፣ እንደ ሁኔታው ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው የሚያስቀጣው። ውንብድና በቁጥር 670 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ልዩነቱ የብሩ ብዛት አይደለም፤ ኃይል ነው። ንብረቱን ለመውሰድ፣ ወይም የወሰደውን ላለመልቀቅ፣ በሰው ላይ ጉልበት የተጠቀመ፣ ከባድ ዛቻ ያሰማ ወይም በሌላ መንገድ ተበዳዩ እንዳይከላከል ያደረገ ሰው ወንበዴ ነው። ከትከሻ ላይ ነጠላ ሳብ አድርጎ ሮጦ የጠፋ ሌባ አሻሚ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። እጅ ጠምዝዞ መያዝ ግን ምን አሻሚነት አለው? ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ስርቆት» የሚል ቃል ካለ አይደንግጡ፤ ፖሊስ የሚጽፈው ርዕስ ዐቃቤ ሕግን አያስርም፤ ክሱን የሚመርጠው ዐቃቤ ሕግ ነው። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ የሚመርጠው ከመዝገቡ ውስጥ ባገኘው ማስረጃ ነው። እጃቸው መጠምዘዙን የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ከሌለ፣ ያበጠው አንጓ በራጅ ካልታየ፣ ውንብድናው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። እናትዎ ወደ ወጌሻ ሄደው ታሽተው ይሆናል፤ ብዙ እናቶቻችን የሚያደርጉት ይህን ነው። ቢሆንም ዛሬውኑ ሆስፒታል ወስደው ያስመርምሩ፤ ወጌሻውም ምን እንዳየ መመስከር ይችላል።

ሴንጢው ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። በመሣሪያ ወይም በሌላ አደገኛ ዘዴ የተፈጸመ፣ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ያስከተለ ውንብድና በቁጥር 671 ከባድ ውንብድና ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱም ከቀላሉ በእጅጉ ይከብዳል። ተከላካዩ «ሴንጢው መቀነት ለመቁረጥ እንጂ ሰው ለማስፈራራት አልወጣም» ማለቱ አይቀርም። መልሱ በእናትዎ አንደበት ነው ያለው፦ ሴንጢው ሲወጣ አዩት? የት ነበር የተያዘው? ምን ተባሉ? ስለቱ ሆዳቸው አጠገብ ሲያልፍ ምን ተሰማቸው? እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ጠይቋቸው ካልሆነ ራሳቸው ይናገሩ። በነገራችን ላይ ሴንጢው ወንጀሉን ወደ 671 ለማሻገር ከዋለ፣ ያው ሴንጢ እንደገና በቁጥር 84 ማክበጃ ሆኖ አይቆጠርም። ሕጉ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አያስከፍልም። ዕድሜያቸው ግን በ670 ውስጥም ሆነ በ671 ውስጥ የወንጀሉ መሥፈርት ስላልሆነ ነፃ ሆኖ ይቀራል፤ በሁለቱም ላይ መጠቀስ ይችላል።

ከባድ ውንብድና ተብሎ ከተከሰሰ ለ80 ዓመት ምስክር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለከባድ ውንብድና ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ይደነግጋል። ይኸውም ምስክሮች ከዋናው ክርክር በፊት በፍርድ ቤት ፊት ቃላቸውን ሰጥተው የሚጻፍበት ሥርዓት ነው። ምስክሩ ቢሞት ወይም ችሎት መቅረብ እስከማይችል ድረስ ቢታመም በዚህ መንገድ የተጻፈው ቃል በዋናው ችሎት ሊነበብ ይችላል። ለፖሊስ ብቻ የተሰጠ ቃል ይህ ኃይል የለውም። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ በሚደራረብበት፣ መንገድም አንዳንዴ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ፣ የእናትዎን ቃል አሁኑኑ በዳኛ ፊት ማስያዝ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። ዐቃቤ ሕጉን በቀጥታ ይጠይቁት።

ስለ ስልኩና ስለ ገንዘቡ ልቀጥል። ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን የዘረፋው ጭራ አድርገው ያዩታል። አይደለም። ጫካ ውስጥ የተወሰደው 18,000 ብር አንድ ወንጀል ነው። በማግስቱ በእናትዎ ስምና ቁጥር ገብቶ 41,000 ብር ማውጣት ሌላ ወንጀል ነው። እርስዎን አታልሎ 15,000 ብር ማስላክ ሦስተኛ ነው። የተከላካዩን ክርክር ከአሁኑ ልንገርዎ፦ «የሰረቀውን ዕቃ የሸጠ ሌባ በመሸጡ እንደገና አይከሰስም፤ ስልኩን መጠቀምም እንዲሁ የዋናው ድርጊት ተከታይ ነው» ይላል። በእርግጥ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 61 ዋናውን ወንጀል ተከትሎ የሚመጣ የተዘረፈ ዕቃን መጠቀም በዋናው ይጠቃለላል ይላል። ግን የተዘረፈው ዕቃ ስልኩ ነው። በሂሳቡ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ያን ዕለት ከእናትዎ እጅ አልወጣም ነበር፤ የወጣው በማግስቱ፣ በሌላ ድርጊት፣ በሌላ ማታለል ነው። የእርስዎ 15,000 ብር ደግሞ ፈጽሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ራስዎን የረሱ ይመስለኛል። እርስዎ የተበዳይ ልጅ ብቻ አይደሉም። የግል ተበዳይ ነዎት። የራስዎን አቤቱታ፣ የራስዎን የገንዘብ ማስተላለፊያ ማስረጃ፣ የተደወለልዎትን ሰዓት ይዘው ለብቻዎ ቃል መስጠት ይኖርብዎታል።

ለእነዚህ ድርጊቶች የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚያሳይ መረጃ ያለ ፈቃዱ ማግኘት፣ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ማስተላለፍ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ50,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ያስቀጣል። ያቺን የምስጢር ቁጥር የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ለማጭበርበር ይዞ መገኘት ብቻውን እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። «ወይም መቀጮ» የሚለው ሐረግ ያበሳጫል፤ እኔንም ያበሳጨኛል። ለአንዲት አሮጊት የዓመት ጥሪታቸውን በአንድ ጀንበር የወሰደ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊሄድ የሚችልበት አንቀጽ ነው። ስለዚህ በእሱ ብቻ መክሰስ በቂ አይመስለኝም። አንቀጽ 10 ማንነትን በሐሰት እየገለጹ ወይም አሳሳች መረጃ እያሰራጩ ሰውን ጥቅሙን በሚጎዳ መንገድ እንዲሠራ ማድረግን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይቀጣል፤ ለእርስዎ የተደወለው ስልክ ወደዚህ ይጠጋል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 692፣ ተራው አታላይነት፣ ጣሪያው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ይሁን እንጂ የአሠራር እንቅፋት እንዳለ ልደብቅዎ አልፈልግም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኝነቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶታል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ደግሞ ይህን ሥልጣን በክልል በውክልና የሚሠራው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ይችላል፤ ውንብድናው እዚያው ዞን ሊቀር ይችላል። አንዳንድ ዐቃቤ ሕግ ይህን መከፋፈል ለመሸሽ ሁሉንም በ692 ይጠቀልለዋል። እናትዎ ሩቅ መንገድ የማይችሉ ከሆነ ይህን ምርጫ ሙሉ በሙሉ አልነቅፈውም። ከተደረገ ግን ታውቆ፣ ከእናንተ ጋር ተመክሮ ይደረግ እንጂ በዝምታ አይሁን። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 3 ጠቅላላ መርሆዎቹ በልዩ አዋጆችም ላይ ይሠራሉ ስለሚል፣ የዕድሜያቸው ማክበጃ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ስንት ዓመት? ብዙ ጠያቂዎች አንድ ቁጥር እንድጽፍላቸው ይፈልጋሉ፤ መዝገቡን ሳያይ ቁጥር የሚሰጥዎትን ሰው አይመኑ። ሒሳቡ የሚሠራበትን መንገድ ግን ላሳይዎ። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጥፋት መነሻ ቅጣት ይፈልጋል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ወንጀሎችን በደረጃ፣ ቅጣትን በእርከን ያስቀምጣል። የተረጋገጠ ማክበጃ እርከኑን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ማቅለያ ወደ ታች ይጎትተዋል። ጠቅላላ ማክበጃ በአንቀጹ ውስጥ ከተጻፈው ጣሪያ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በ670 ከሆነ ዕድሜያቸው 15 ዓመትን 16 አያደርገውም። ከጣሪያው በላይ የሚያስኬደው የወንጀሎች መደራረብ ነው። ሦስቱ ጥፋቶች ተለይተው ከተከሰሱና ከተረጋገጡ ቅጣቶቻቸው በቁጥር 184 መሠረት ይደመራሉ፤ የጽኑ እስራት ጠቅላላ ወሰን ከሆነው 25 ዓመት ግን አያልፉም። ጥፋቶቹን ለይቶ ማስከሰስ በቅጣቱ ላይ ከየትኛውም የቃላት ክርክር የበለጠ ለውጥ ያመጣል የምለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የቀድሞ ጥፋት የሌለባቸው፣ ያመኑ፣ ለጋ ወጣቶች ከሆኑ ቅጣቱ ከጣሪያው በጣም ርቆ እንደሚወርድ ከወዲሁ ይወቁት። «15 ዓመት» የሚለውን ይዘው ችሎት ገብተው ልብዎ እንዳይሰበር።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «እዚያ ቢሆን…» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አንዳንድ ሕጎቻቸው ቁጥር ያስቀምጣሉ። በካሊፎርኒያ 65 ዓመት የሞላው ሰው ላይ የተፈጸመ ዘረፋ፣ ጥፋተኛው ዕድሜውን ያውቅ ከነበረ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ፣ አንድ ዓመት ሊያስጨምር ይችላል። የፌዴራሉ ሕግም በ2004 እ.ኤ.አ. በተወሰኑ ወንጀሎች ላይ የሌላን ሰው ማንነት የተጠቀመን ሰው ከዋናው ቅጣት በላይ 2 ዓመት ተከታታይ እስራት ያክልበታል። የእኛ ሕግ ቁጥሩን ለዳኛው ሕሊና ትቶታል። መታወቂያ በግምት በሚሞላበት አገር ይህ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕሊናው የሚሠራው ግን ማስረጃ ሲቀርብለት ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ እጠነቀቃለሁ፤ ያደግሁት ደም የተቃቡ ቤተሰቦች በሽማግሌ ሲታረቁ እያየሁ ነው፤ ሽምግልናችን ብዙ ልጅ ከመሞት አድኗል። እናትዎ «ይቅር» ማለታቸው ድክመት አይደለም። ይቅርታቸው የነፍሳቸው ጉዳይ ነው፤ ማንም፣ እርስዎም ጭምር፣ ሊከለክላቸው አይገባም። ነገር ግን ይቅርታና ክስ የተለያዩ ናቸው። ውንብድና በግል አቤቱታ የሚቆም ወንጀል አይደለም። እናትዎ ቢታረቁም ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሊቀጥል ይችላል፤ ይህንንም ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ብዙዎቹ የሚመጡት «አስታርቀን ልጆቹን እናስፈታለን» ብለው አምነው ነው።

እርቁ በሕግ ፊት የሚሰጠው ጥቅም በማቅለያው ላይ ነው። ቁጥር 82 ከልብ መጸጸትን፣ በተለይም ተበዳዩን በመርዳት ወይም የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን በመካስ የተገለጸ ጸጸትን፣ ቅጣት ማቅለያ ያደርገዋል። ይህ ትክክለኛ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። አደጋው ያለው «በመካስ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ስንቴ አይቻለሁ፤ ተንበርክከው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ የንስሐ አባት ልከው፣ አልቅሰው፣ የእርቅ ወረቀት አስፈርመው ሄዱ፤ ከተዘረፈው ገንዘብ ግን አንድ ብር አልተመለሰም። ያ ወረቀት ከችሎት ቀርቦ የማቅለያ ዋጋ አገኘ። አሮጊቷ ግን የዘር በርበሬ መግዣ አጥተው ቀሩ። ስለዚህ እናትዎ ከታረቁ ገንዘቡ በጠረጴዛው ላይ ይቆጠር፦ 18,000፣ 41,000፣ የእርስዎ 15,000፣ የሕክምናውም ወጪ። ወረቀቱ ምን ያህል እንደተከፈለ በቁጥር ይናገር፤ ያልተከፈለውም ይጻፍ። «ምንም አልተደረገብኝም» ወይም «ልጆቹን አላውቃቸውም» የሚል ቃል ከኖረበት እናትዎ በጭራሽ እንዳይፈርሙበት። ነገ በችሎት ለምስክርነት ሲጠሩ ያየሁትን አላየሁም ቢሉ ይህ ራሱ በቁጥር 453 የሐሰት ምስክርነት ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ሸክም በ80 ዓመታቸው ሊያሸክሟቸው የሚመጡ ሽማግሌዎች ሽማግሌ አይባሉም። ድርድሩም በእናትዎ ቤት፣ ብቻቸውን በሚሆኑበት ሰዓት አይደረግ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በዘመድ ቤት፣ እርስዎ ወይም ወንድምዎ ባሉበት ይሁን።

እርቁ ካልሆነ ደግሞ ካሳውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 101 ተበዳይ የደረሰበት ጉዳት እንዲካስለት የፍትሐ ብሔር ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ይህ መብት እምብዛም ሲሠራበት አላየሁም፤ ተበዳዮች አያውቁትም፤ የሚነግራቸውም የለም። ክርክሩ ሲከፈት በጽሑፍ ይጠይቁ። የካሳው ነገር እስከ እስር ቤት ድረስ ይከተላቸዋል፦ አንድ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ልፈታ ሲል ቁጥር 202 ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ ልክ መካሱ ነው። በፍርድ የተወሰነ የካሳ መጠን በመዝገቡ ላይ ካለ ያኔ ይጠየቅበታል። ከሌለ ማን ይጠይቀዋል?

የባንኩንና የስልኩን ማስረጃ በተመለከተ አጭር ልሁን። ገንዘቡ የሄደበት ሂሳብ፣ ሲም ካርዱ የተመዘገበበት ስም፣ ገንዘቡ በእጅ የተከፈለበት ወኪል፣ እነዚህ ሁሉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገኛሉ፤ ጊዜ በሄደ ቁጥር ግን ከወኪሉ ሱቅ ካሜራ ላይ ምስሉ ይጠፋል፤ ሻጩም ፊቱን ይረሳል። መርማሪው ጥያቄውን ዛሬ እንዲያቀርብ ይጎትጉቱት። የእናትዎን የድሮ ቁጥር ቶሎ አዘግተው በራሳቸው ስም ያስመልሱ፤ በስማቸው የተወሰደ የስልክ ብድር ካለም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ አለዚያ ዕዳው በእሳቸው ላይ ይቆጠራል። የልጅ ልጃቸውንም አይቆጡት። ቁጥሩን የጻፈው አያቱ እንዳይረሱት ብሎ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያ በሴንጢ የተቆረጠው መቀነት የት ነው ያለው? ጥያቄዎ ላይ አልጻፉትም። እናቶቻችንን አውቃለሁና፣ ሰፍተው መልሰው ታጥቀውት፣ ወይም «የሰይጣን እጅ ነክቶታል» ብለው አጥበውት ሊሆን ይችላል። ካልታጠበ አይታጠብ፤ ካልተሰፋም አይሰፋ። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ለመርማሪው በማስረጃነት ያስረክቡ፤ የተረከበበትንም ደረሰኝ ይቀበሉ። የጨርቁ አቆራረጥ ስለቱ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ለሆዳቸው ምን ያህል እንደቀረበ ለዳኛው ያሳያል።

እናትዎን ከእኔ ሰላም ይበሉልኝ።